ጥያቄና መልስ፦ በሕፃናት ላይ ወንጀል የፈጸመ ሰው በቴክሳስ አመክሮ የሚጠይቀው መቼ ነው?

በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመው ስለተፈረደባቸው ሰዎችና ስለ አመክሮ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። መልሶቼ የቴክሳስን ሕግ የሚመለከቱ ናቸው፤ ሌላ ስቴት ሲነሳ በስሙ እጠቅሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ የጎረቤታችንን ልጅ የደፈረው ሰው 30 ዓመት ተፈርዶበታል። ሙሉውን ይታሰራል ማለት ነው?

መልስ፦ በፍርዱ ላይ የተጻፈው የዓመት ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የተፈረደበት በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ዕድሜዋ ከ14 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ የተፈጸመ የግብረ ሥጋ ጥቃት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 22.021 መሠረት ከባድ ጥቃት ነው፤ በዚህ አንቀጽ የተፈረደበት ታራሚ የቅጣቱን ግማሽ፣ ወይም ግማሹ ከ30 ዓመት የሚበልጥ ከሆነ 30 ዓመት፣ ሳይታሰር ለአመክሮ አይቀርብም። ለመልካም ጠባይ የሚታሰብለት ጊዜም ይህን አያሳጥረውም። ስለዚህ 30 ዓመት የተፈረደበት ሰው ጉዳዩ የሚታየው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ልጅቱ ከ6 ዓመት በታች ሆና ቅጣቱ በዚሁ አንቀጽ የከበደ እንደሆነ ግን ዝቅተኛው ቅጣት 25 ዓመት ነው፤ አመክሮም የለውም። ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት አንቀጽ 21.02ም እንዲሁ ነው። ይህ አንቀጽ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ጥቃቶችን የፈጸመውን ሰው ይመለከታል፤ ቅጣቱም ከ25 እስከ 99 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነው። በዚህ አንቀጽ የተፈረደ 30 ዓመት እስከ መጨረሻው ይታሰራል።

ጥያቄ፦ ሕጉ ይህን ያህል ጥብቅ ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ለምን ቀለል ባለ አንቀጽ ይስማማል? እኛ እንደተካድን ነው የተሰማን።

መልስ፦ ስሜታችሁን እረዳለሁ፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉትም ይህንኑ ነው። አመክሮ የሚከለክል አንቀጽ በወጣ ቁጥር የመፍታቱ ሥልጣን ከአመክሮ ቦርዱ እጅ ወጥቶ ክስ ወደሚመርጠው ዐቃቤ ሕግ ይሸጋገራል። ተከሳሹ በ21.02 ቢፈረድበት አንዲት ቀን እንኳ እንደማትቀነስለት ስለሚያውቅ፣ ክሱ ዝቅ ቢልለት ጥፋተኝነቱን ለማመን ይስማማል፤ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ችሎት ቆማ እንድትመሰክር ከማድረግ ይህን ይመርጥ ይሆናል። በእኔ አመለካከት ቤተሰቡ አመክሮን የሚመለከት ጥያቄውን ማንሳት ያለበት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሳይሆን ድርድሩ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ «በዚህ አንቀጽ ከተፈረደበት መቼ ለአመክሮ ይቀርባል?» ብሎ ዐቃቤ ሕጉን በግልጽ መጠየቅ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ቀኑ ሲደርስ ወዲያው ይፈታል?

መልስ፦ አይፈታም። ቀኑ የሚፈቅደው ጉዳዩ እንዲታይ ብቻ ነው። አብዛኛው ማመልከቻ በሦስት ሰዎች ይወሰናል፤ በልጅ ላይ የተፈጸመ ከባድ የግብረ ሥጋ ጥቃትን በመሰሉ ወንጀሎች ግን ሰባቱም የቦርድ አባላት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ለመፍታትም የሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም የአምስቱ፣ ስምምነት ያስፈልጋል። አባላቱ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊትም ታራሚው ወንጀሉን ይደግም እንደሆነ የሚገምት የጽሑፍ ሪፖርት ይቀርብላቸዋል።

ጥያቄ፦ የልጅቱ እናት መቃወም ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች። የተጎጂ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አስቀድሞ ከተመዘገበ ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብም በአካል መናገርም ይችላል። አድራሻ ሲቀየር ማሳወቅ ግን የቤተሰቡ ፈንታ ነው።

ጥያቄ፦ ወንጀሉ የተፈጸመው በ2003 ነው። አዲሱ ሕግ ይመለከተዋል?

መልስ፦ አይመለከተውም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ወደ ኋላ ተመልሶ ቅጣት የሚያከብድ ሕግን ይከለክላል፤ ስለዚህ በ21.02 የሚቆጠሩት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ወዲህ የተፈጸሙ ድርጊቶች ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ ስቴት አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድሜ «እዚህ አመክሮ የሚባል ነገር የለም» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በመሠረቱ እውነት ነው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ወዲህ ለተፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች አመክሮን አስቀርታለች፤ በዕድሜ ለገፉ ታራሚዎች የሚሰጥ ውስን መፈታት ግን አለ። አገር ቤት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202 ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ ሰው አመክሮ ሊጠይቅ እንደሚችል ለምደን መጥተን ስቴቶቹን በአንድ ዓይን ማየታችን አያስገርምም።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቢፈታስ?

መልስ፦ አካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር የሚያስወጣ ወንጀል ነው። ስለዚህ ከእስር ቤት በር ወደ ኢሚግሬሽን እጅ ሊተላለፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከተፈታ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ማስቀደስ ይችላል? የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች አሉ።

መልስ፦ ተበዳዩ ልጅ ከነበረ፣ ትምህርት ቤትንና የሕፃናት መዋያን ወደመሳሰሉ ልጆች ወደሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች እንዳይጠጋ ቦርዱ ይከለክለዋል። ቤተ ክርስቲያናችሁ በዚህ ውስጥ መግባት አለመግባቱ በአመክሮ ፈቃዱ ላይ በተጻፈው ግዴታ ይወሰናል። የሰበካ ጉባኤው ሰውየውን ራሱን ከመጠየቅ ይልቅ የአመክሮ መኮንኑን አነጋግሮ የተፈቀደለትን ሰዓትና ቦታ ይወቅ። ስሙ በስቴቱ የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ላይ ስለሚገኝም ማንም ሰው ሊመለከተው ይችላል።