እርጥብ መስመር የሚያወጣ ወረቀት፦ ትልቅ ቫኪዩም ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው ከአሮጌ ካርቶን ወረቀት በሚሠራ አነስተኛ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ባለሙያ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፦ ፕሬስ እርጥቡን ወረቀት በሁለት ሮለሮች መካከል የሚጨምቀው ክፍል ነው፤ ፌልት ደግሞ ወረቀቱን ተሸክሞ በፕሬሱ የሚያልፈውና የሚጨመቀውን ውኃ የሚቀበለው ወፍራም ጨርቅ ነው። «ጋሼ፣ ከፕሬሱ በሚወጣው ወረቀት ላይ በየስንዝሩ እርጥብ መስመር ይታያል። መስመሩን ለማድረቅ እንፋሎት ስንጨምር ቦይለሩ የሚበላው ነዳጅ ከአቅማችን በላይ ሆነ። የማሽኑ መመሪያ የፌልቱ መምጠጫ ሳጥን 50 ኪሎፓስካል ቫኪዩም ያስፈልገዋል ይላል። የእኛ የቫኪዩም መለኪያ ጌጅ ፌልቱ አዲስ ሳለ 34 ያነብ ነበር፤ አሁን 41 ደርሷል። አለቆቼ ትልቅ ፓምፕ ለመግዛት ዋጋ እያጠያየቁ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ፓምፑ ይቆይ። እኔ የምጠረጥረው ፌልቱን በከፍተኛ ግፊት የሚያጥበውን የውኃ መርጫ ነው። ቫኪዩም ሲያንስ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚረጥበው። የሮለር ጉብጠት ችግር ቢሆን ደግሞ ወይ መሐሉ ወይ ሁለቱ ዳሮች ይረጥባሉ። በእኩል ርቀት የተሰመረ እርጥበት ግን የኖዝል፣ ማለትም በመርጫው ቱቦ ላይ ውኃው የሚወጣበት ጠባብ አፍ፣ ሥራ ነው። ሜትር ይዘህ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ፤ ቀጥሎ በኖዝሎቹ መካከል ያለውን ለካ። ሁለቱ ከገጠሙ መርጫው ቱቦ ወዲያና ወዲህ መመላለሱን አቁሟል ማለት ነው። ውኃው ዘወትር አንድ ቦታ ብቻ ይመታል። የሚመታው ቦታ ይጸዳል፣ ውሎ አድሮም ይበላል፤ በመካከሉ ያለው በካርቶን ሙጫ፣ በስታርችና በደቃቅ ጭረት ይደፈናል። የተደፈነ ፌልት ደግሞ በፕሬሱ የሚጨመቀውን ውኃ የሚቀበልበት ቦታ የለውም።

የላክልኝን ፎቶግራፍ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ቱቦውን የሚያመላልሰው ክንድ ከማሽኑ አካል ጋር ተበይዷል፤ ሦስት ወፋፍራም የብየዳ ጉብታዎች በላዩ ላይ ቀለም ተቀብተው ይታያሉ። የሚያመላልሰው ሞተር ሲቃጠል ክንዱ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ አንድ ሰው የበየደው ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጥገና በጣም ያናድደኛል። ማሽኑ ስለማይቆም ማንም ብየዳውን አይጠረጥርም፤ ዕዳው ግን በየወሩ በነዳጅ ሒሳብ ይከፈላል።

ወደ ሥራው ከመግባትህ በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ማሽኑ እየዞረ ሳለ ሁለቱ የፕሬስ ሮለሮች ወደሚገናኙበት አፍ እጅህንም፣ ጨርቅም፣ ብሩሽም አታስጠጋ። በዝግታ የሚዞር ሮለርም ክንድ ይዞ አይለቅም። ዋናውን ማብሪያ አጥፋ፣ የራስህን ጓጉንቸር ቆልፍበት፣ ቁልፉንም ኪስህ ውስጥ ክተት።

አሁን ስለ ፓምፑ ልንገርህ፤ አለቆችህም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ቫኪዩም ፓምፕ ውኃውን ጎትቶ አያወጣም። እሱ የሚያደርገው ከሳጥኑ ውስጥ አየር መቀነስ ብቻ ነው፤ ውኃውን ከፌልቱ ገፍቶ ወደ ሳጥኑ የሚያስገባው በላዩ የተጫነው የውጭ አየር ነው። የአየሩ ጫና ደግሞ እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች 81 ገደማ ነው የምታገኘው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትደርስ ወደ 75 ይወርዳል። ለባሕር ጠለል የተጻፈ መመሪያ 50 ሲል ግማሹን አየር አውጣ ማለቱ ነው። የኮምቦልቻ አየር ግማሽ 40 ነው፤ ጌጅህ ደግሞ 41 ያነባል። ፓምፑ ሥራውን እየሠራ ነው! 50 ይድረስ ካላችሁ በሳጥኑ ውስጥ የሚቀረው አየር ከ40 ወደ 31 መውረድ አለበት። አየር በሳሳ ቁጥር ስለሚሰፋ፣ ያንኑ ያህል አየር ለማውጣት ፓምፑ በመጠን 30 በመቶ ገደማ አብልጦ መዋጥ ይኖርበታል። ሞተሩም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፣ የመብራት ሒሳቡም ይከተለዋል። ይህን ሁሉ ከፍላችሁም ፌልቱ እንደተደፈነ ነው። ከ34 ወደ 41 መውጣቱም የጤና ምልክት አይደለም፤ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚዞር ፓምፕ ቫኪዩሙ ከፍ የሚለው በፌልቱ የሚያልፈው አየር ሲያንስ ነው። ስለዚህ ጌጁን ብቻ አትመን። ከመምጠጫው ሳጥን የሚወጣውን ውኃ በባልዲና በሰዓት ለካ፤ ቫኪዩሙ እየጨመረ ውኃው ከቀነሰ ፌልቱ ተዘግቷል።

ብየዳውን በግራይንደር ቁረጠው፤ ብልጭታው እንዳያቃጥለው ፌልቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍን። አዲሱ ሞተር ቀስ ብሎ የሚሄድ ይሁን። ፌልቱ አንድ ዙር ሲዞር ቱቦው መጓዝ ያለበት የኖዝሉን ቀዳዳ ስፋት ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ ፌልቱ 15 ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 60 ሜትር፣ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቱቦው በደቂቃ 4 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ የቆመ መስሎህ አታፍጥነው። የምልልሱ ርዝመት በሁለት ኖዝሎች መካከል ያለውን ርቀት ይሙላ፤ ግፊቱም ከ15 እስከ 20 ባር ይሁን።

ኖዝሎቹን ሁሉ ፈትተህ ተመልከት። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የነሐስ ኖዝል በጥቂት ጊዜ ይሰፋል። 1 ሚሊ ሜትር የነበረው ቀዳዳ 1.2 የመሰርሰሪያ ጫፍ ካስገባ ጣለው። ሰፍቶ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በዚያው ግፊት የሚያፈሰው ውኃ ግን 44 በመቶ ስለሚበልጥ የመርጫው የውኃ ፓምፕ ግፊቱን መያዝ ያቅተዋል። የማይዝግ ብረት ግዛ፤ አቅም ካለ ቀዳዳው የሩቢ ድንጋይ የሆነውን። ገንዘቡ ከአንድ ፌልት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አሁን የገጠማችሁት ፌልት በውኃው ከተቦጫጨረ አይድንም፤ ቀይሩት። ካልተቦጫጨረ የሸጠላችሁ ድርጅት በፈቀደው ማጽጃ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ በጓንትና በመነጽር ይታጠብ።

የቫኪዩም ፓምፑን የማሸጊያ ውኃም፣ ማለትም አየር እንዳያሾልክ በውስጡ የሚዞረውን ውኃ፣ ዳስሰው። እየተመላለሰ ከሞቀ የፓምፑን አቅም ይበላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምርበት።

ጥቅሙን ለአለቆችህ በቁጥር አሳያቸው። ማሽኑ ሲቆም ከፕሬሱና ከማድረቂያው መካከል፣ ከእርጥቡም ከደረቁም መስመር ወረቀት ቁረጥ። መዝነው፣ በ105 ዲግሪ አድርቀው፣ እንደገና መዝነው። ማሽኑ እየሄደ ናሙና ለመንጠቅ ብለህ ግን እጅህን ወደ ሮለሮቹ አፍ እንዳትሰድ። ከፕሬሱ የሚወጣው ወረቀት 38 በመቶ ደረቅ ከሆነ አንድ ኪሎ ደረቅ ጭረት 1.63 ኪሎ ውኃ ተሸክሞ ወደ ማድረቂያው ይገባል። 42 ብታደርሰው 1.38 ብቻ ይሸከማል። ማድረቂያው በእንፋሎት ከሚያተነው ውኃ 16 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ያልተጨመቀ ጋቢ እሳት ዳር አስጥቶ ማገዶ እንደመጨመር ያለውን ኪሳራ የምትተዉት እዚህ ላይ ነው።

መስመሮቹ ጠፍተው ዳሩ ወይም መሐሉ አሁንም ከረጠበ የሮለሮቹን ጫና መርምር። ማሽኑ ቆሞና ተቆልፎ፣ ሮለሮቹ ተነሥተው ሳለ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ወረቀትና ካርቦን ዘርጋ፤ እጅ ሁሉ መራቁን አረጋግጠህ ጫናውን አውርድ፣ አንሣው፣ አሻራውን ተመልከት። ስፋቱ ከቦታ ቦታ ከተለያየ ሮለሩ መሞረድ አለበት።

ወረቀቱ ደርቆ መምጣት ሲጀምር እንፋሎቱን ወዲያውኑ ቀንሱ። ብዙ ቦታ ያየሁት ፕሬሱ ይጠገንና ቫልቩ እንደተከፈተ ይተዋል፤ ወረቀቱ ከሚገባው በላይ ደርቆ ይሰባበራል፣ ነዳጁም እንደ በፊቱ ይነድዳል። መጠቅለያው ላይ ያለው እርጥበት ከ6 እስከ 8 በመቶ እስኪሆን ድረስ ቫልቩን በጥቂት በጥቂቱ ዝጉ፤ ከዚያ የቦይለሩን የሳምንት ነዳጅ፣ ከሳጥኑ የሚወጣውን ውኃና የጌጁን ንባብ ላክልኝ።