አምፖሉን አጥፉላት፦ ስለ ሌሊት አበቦች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በሌሊት ስለሚያብቡ አበቦች የምትጠይቁኝን ዛሬ እስኪደክመኝ እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የአበባውን ዓይነት፣ ዕድሜውንና የተቀመጠበትን ቦታ ጻፉ። ቤቱ ልጅ ወይም እንስሳ ያለው ሰው ስለ መርዝ የምለውን ሳያነብ ምንም አይትከል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የእኔ አበባ ለምን አያብብም?

መልስ፦ የትኛው አበባ? ከላይ ያልኩትን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሌሊት ንግሥትን ከቁራጭ ተክዬ አራት ዓመት ሆናት። በረንዳ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ከላይዋ አምፖል ይበራል። በጣም አድጋለች፣ አበባ ግን የለም።

መልስ፦ ተባረኪ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። መጀመሪያ አምፖሉን አንሺላት። ብዙ ተክሎች ወቅቱን የሚያውቁት በሌሊቱ ርዝመት ነው። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሲያርፍባቸው ያ ልኬት ይዛባል።

ሁለተኛ፣ እሷ ቁልቋል ብትሆንም የበረሃ አይደለችም። የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ጫካ ተክል ናት፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ ይበቃታል፤ የቀትሩ ያቃጥላታል። ቅጠል የሚመስልሽ ጠፍጣፋ ነገር ግንዷ ነው። እንቡጡ የሚወጣው ከዚያ ጠርዝ ላይ ካሉት ስርጉዶች ነው። አሮጌ ነው ብለሽ ከቆረጥሽው አበባሽን ቆረጥሽ ማለት ነው።

ማሰሮዋ ጠበብ ይበል። በቀዝቃዛው ወቅት ውሃውን ቀንሺ፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሚደርስ ሌሊት ይጠቅማታል። ሙቀቱ ሲመለስ ውሃውን ቀስ በቀስ ጨምሪ። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ግንድ ብቻ ነው የሚያበዛው። እንቡጥ ካወጣች በኋላ ደግሞ ቦታዋን አትቀይሪ፤ ልታረግፈው ትችላለች።

ጥያቄ፦ አብዛኞቹ ነጭ የሆኑት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በጨለማ ቀይ አይታይም፤ ነጭ ይታያል። ሩቅ ላለው ደግሞ ጠረኑ ይደርሳል። የአበባ ዱቄታቸውን እንዲያደርስላቸው የሚጠሩት የእሳት እራትን ነው፤ አንዳንዶቹ የሌሊት ወፍንም ይጠራሉ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን ከማዳጋስካር የመጣ ኦርኪድ የሚባል ነጭ አበባ አይቶ ነበር። የአበባው የማር ቱቦ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1862 «ይህን የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት» የሚል ግምት ጻፈ። እሱ በ1882 አረፈ፤ የእሳት እራቱ ግን ተገኝቶ በ1903 ስም ተሰጠው። በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስሙን ደግሞ አስቡት፤ የእሳት እራት። መብራት ካየ አበባውን ትቶ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሲዞር አድሮ ሊሞት ይችላል። አምፖሉን አጥፉ የምለው ለዚህም ነው።

ጥያቄ፦ የሌሊት ጃስሚን መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ልትከል?

ሌላ አባል፦ ትከይ እንጂ! እንደዚያ የሚሸት የለም።

ሌላ አባል፦ ተው፣ እኔን ራስ ምታት ይዞኝ ነቅዬዋለሁ። ደግሞ እባብ ይጠራል ይባላል።

ሌላ አባል፦ እባብ በአበባ ጠረን ይመጣል የሚለው ተረት ነው።

ሌላ አባል፦ ጎረቤቴ ጓሮ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!

መልስ፦ እረፉ። እባብ ለሽታ ብሎ አይመጣም። ቁጥቋጦው ሥር ጥሻ ከሆነ አይጥ ይገባል፤ እባብ አይጡን ይከተላል። ሥሩን አጽዱ። ራስ ምታቱ ግን እውነት ነው፤ አንዳንድ ሰው አይችለውም። ከመስኮቱ ራቅ አድርጊው። ፍሬው መርዝ ነው፤ ልጅ አይድረስበት።

ጥያቄ፦ ቁልቁል የሚንጠለጠለው መለከት መሳይ አበባስ?

መልስ፦ ያምራል፣ ማታ ይሸታል፣ ይገድላል። የአስተናግር ዘመድ ነው። ከሥሩ እስከ ዘሩ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉበት። በጓንት ቁረጡ፤ በነካ እጅ ዓይን አትንኩ። ትንሽ ልጅ ያለው ቤት አይትከለው። በቃ።

ጥያቄ፦ የጨረቃ አበባ ዘር ዘራሁ፣ አልበቀለም።

መልስ፦ ልባሱ ጠንካራ ነው። በሞረድ ጫር አድርገህ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሳድረው። ሐረግ ስለሆነ መወጣጫ አዘጋጅለት። ሲመሽ ዓይንህ እያየ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳዬ ቅጠሉ ነጠብጣብ…

መልስ፦ ጽጌረዳ አላውቅበትም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የእኔ ለምን አያብብም?

መልስ፦ ሁለተኛህ ነው! የትኛው? ስንት ዓመቱ? የት? መብራት አለበት?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሌሊት ንግሥቴ እንቡጥ አንገቱን ቀና አድርጎ አብጧል። ነጩ ብቅ ብሏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውይ፣ ዛሬ ማታ ነው! ውሃ አትጨምሪ፣ አታንቀሳቅሻት። ወንበርሽን አሁኑኑ አውጪ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ትከፈታለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሙሉ ትሆናለች፤ ጎህ ሲቀድ ትጠወልጋለች። ጎረቤት ጥሪ። አምፖሉንም አጥፊላት።