«እሱ የአንቺ ዕይታ ነው» ሲሉሽ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ነው የምሠራው። ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ዋጋ እንነግረዋለን፤ በደረሰኝ ይህን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ይህን ያህል። ደረሰኝ ለፈለገውም ብዙ ጊዜ አሳንሰን ነው የምንቆርጥለት። ሲከብደኝ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። እሱም ጿሚ፣ አስቀዳሽ ነው። «አታካብጂ» አለኝ። «ትክክልና ስሕተት እንደየሰው ዕይታ ነው። እኛ በጾም ዓሣ አንበላም፣ ግብፆች ይበላሉ። ድሮ ባርያ መግዛት ነውር አልነበረም፣ ዛሬ ነውር ነው። አየሽ፣ ሁሉም እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ነው። ኃጢአት የሚለው የአንቺ ዕይታ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ኃጢአት እንደየሰው ዕይታ ይለያያል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ባልደረባሽ ሞኝ አይደለም። ዓሣውንም ባርያውንም ደረሰኙንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው ያቀረበልሽ። ስትፈችው ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም።

ከዓሣው እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። እውነቱን ነው፤ የግብፅ እኅት ቤተ ክርስቲያን በነቢያት ጾምና በሐዋርያት ጾም ዓሣ ትፈቅዳለች። የእኛ ሥርዓት አይፈቅድም። በዚህ ምክንያት ግን እኛም እነሱን፣ እነሱም እኛን ኃጢአተኛ አንባባልም። መምህሮቻችን ዶግማና ቀኖና እያሉ የሚለዩት ለዚህ ነው። ዶግማ እምነት ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ቀኖና ሥርዓት ነው፤ አባቶች በሲኖዶስ ይወስኑታል፣ እንደ አገሩም ሊለያይ ይችላል። በእኛም ቤት ቢሆን የታመመ ሰው ከጾም ይፈቀድለታል። ንስሐ አባትሽም ለአንድ ዓይነት ኃጢአት ለጎረምሳው ስግደት፣ ለአሮጊቷ ጸሎት ሊያዙ ይችላሉ። መድኃኒቱ እንደ ሰውየው አቅም ነው። በሽታው ግን ያው በሽታ ነው።

አሁን መጽሐፍ ቅዱስሽን አውጪና የሮሜን መልእክት ግለጪ። ምዕራፍ 14 ላይ ጳውሎስ ስለ መብል ይናገራል። ሁሉን የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ ይላል። ባልደረባሽ ይህን ቢያነብ ደስ ይለዋል። አንድ ገጽ ወደ ኋላ መልሺና ምዕራፍ 13ን ደግሞ አንብቢለት። «ግብር ለሚገባው ግብርን፣ ቀረጥ ለሚገባው ቀረጥን» ይላል። ትንሽ ወረድ ብሎ «አትስረቅ» አለ። አንዱ ሰው፣ በአንዱ መልእክት፣ አንዱን ለየሰው ሲተው ሌላውን አልተወም። «ግብሩን ማን እንደሚበላው እናውቃለን» የሚልም አይጠፋም። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ሮም ላይ የነገሠው ኔሮን ነበር። ከዚያ የባሰ ገንዘብ በሊ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ባርያው ከባድ ነው። እዚህ ላይ አላድበሰብስም። አገራችን ባርነትን በአዋጅ ጨርሳ የከለከለችው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባርያ ያሳደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ጾሙን የሚጾሙ፣ ታቦት የሚያነግሡ ነበሩ። የጥንቱ የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥትም ስለ ባርያ የሚናገር አንቀጽ አለው። ይህን መካድ አይገባም፣ ማፈር ግን ይገባል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነ፣ አንዱን የሌላው አገልጋይ ያደረገው ጦርነትና ጉልበት እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የኑሲሱ ቅዱስ ጎርጎርዮስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም ባርያ ገዢዎችን ሞግቷቸዋል። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ሰው ዋጋው ስንት ነው፣ ማንስ ሊሸጠው ይችላል እያለ። ሰሚ አላገኘም። ባያገኝም ነገሩ በሱ ዘመንም ክፉ ነበር።

ባልደረባሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ። ክፉነቱ የተጀመረው በ1934 ከሆነ፣ በ1933 ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ የተሸጠችው ልጅ አልተበደለችም ማለት ነው? የአዋጁ ቀን ስላልደረሰ? ይህን በአፉ ሞልቶ የሚናገር ሰው አላገኘሁም። ያን ጊዜም ቢሆን «ዕይታ» የተባለው የገዢው ዕይታ ነበር። የልጅቷን ዕይታ የጠየቀ የለም። እኔን ከዚህ ቃል ጋር የሚያጣላኝ ይኸው ነው። «እንደየዕይታው ነው» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ዱላውን የያዘው ነው እንጂ የተመታው አይደለም።

እዚህ ላይ «ሕገ ልቡና» የምንለው፣ በሰው ልብ ስለ ተጻፈው ሕግ የሚናገረው ትምህርት ይመጣል። ሙሴ ጽላቱን ከመቀበሉ በፊት ሰው ያለ ሕግ አልኖረም። ቃየን ወንድሙን ሲገድል «አትግደል» የሚል ጽሑፍ አልነበረም፤ ግን «አቤል ወዴት ነው?» ሲባል «አላውቅም» ብሎ ዋሸ። ካላጠፋ ምን ያስዋሸዋል? ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጌራራው ንጉሥ አቤሜሌክ ነው። አብርሃም ጌራራ ሲገባ በዚህ ስፍራ እግዚአብሔርን መፍራት የለም ብሎ አሰበ። ስለ ፈራም ሣራን «እኅቴ ናት» አለ። ንጉሡም አስወሰዳት። እውነቱን በሕልም ሲነገረው ማልዶ ተነሣና አብርሃምን ጠርቶ፣ የማይደረግ ነገር አደረግህብኝ ብሎ ወቀሰው። ፈሪሃ እግዚአብሔር የላቸውም የተባሉት ሰዎች ንጉሥ የሃይማኖት አባቱን! (ዘፍጥረት 20ን አንብቢው፤ ሰባክያን ብዙ አንነካውም፣ ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትሽም።) ኦሪት አልነበረውም፣ ወንጌልም አልነበረውም። የሰው ሚስት የሰው እንደሆነች ግን ያውቅ ነበር።

ታዲያ ሁላችንም የምናውቅ ከሆነ ለምን እንለያያለን? ሕሊና ይደነዝዛላ። ንጉሥ ዳዊት ምሳሌ ይሁነን። የኦርዮን ሚስት ወስዶ፣ ባሏንም አስገድሎ ወራት ሲያልፉ እንቅልፍ የነሣው አይመስልም። ነቢዩ ናታን መጥቶ የድሃውን አንዲት በግ የቀማ ባለጠጋ ታሪክ ሲነግረው ግን በቁጣ ነደደ። ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ። በሰው በግ ሲመጣ ዓይኑ ጥርት ብሎ ያይ ነበር።

እኔ ለምን ናታንን አነሣሁት መሰለሽ? ጥያቄሽን ሳነብ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ዓምና የማገለግልበት አጥቢያ አጥሩ ፈርሶ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ሆንኩ። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ልንገዛ አንድ ሱቅ ገባን። ልጁ ሒሳቡን በካልኩሌተር መታና ወደ እኛ አዞረው። ከዚያ አጥፍቶ ሌላ ቁጥር መታ። «የመጀመሪያው በደረሰኝ ነው፣ ይኼኛው ያለ ደረሰኝ» አለ። ልዩነቱ ቫቱ ነው፣ 15 በመቶ። ገንዘብ ያዣችን ደግ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ለቤተ ክርስቲያን እኮ ነው፣ የምእመናን ገንዘብ ነው» አሉኝ። እኔ ምን መለስኩ? ምንም። የተደረደረውን ቆርቆሮ እንደሚመርጥ ሰው ማየት ጀመርኩ። ዝምታዬ እሺታ ሆነና ዕቃው ተጫነ። ሒሳቡ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተሰጠን። በሳምንቱ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ስለ ታማኝነት አስተማርኩ።

ስለዚህ እኅቴ፣ ከላይ ሆኜ አልመክርሽም። ደረሰኝ አሳንሶ መቁረጥ ውሸትም ስርቆትም ነው፤ ዕይታ አያነጻውም። ሕጉም ቢሆን ወንጀል ይለዋል፣ ቢያዝ ፊርማው የአንቺ ነው። «ነገውኑ ሥራሽን ልቀቂ» ግን አልልሽም። የቤት ኪራይሽን የምከፍልልሽ እኔ አይደለሁም። ቀራጮች ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። አንቺም ለባለቤቱ ለብቻው ሆናችሁ፣ በትሕትና፣ «በእጄ አሳንሼ አልቆርጥም» በይው። ምናልባት ሌላ ሥራ ይሰጥሻል፣ ምናልባት ይቆጣል። ከመናገርሽ በፊት ንስሐ አባትሽን አማክሪ። እስከ መቼ መታገሥ እንዳለብሽ፣ መቼ መውጣት እንዳለብሽ ኑሮሽን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሥራ መፈለጉን ግን ከአሁኑ ጀምሪ።

የእኛን አጥር ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለኮሚቴው አነሣሁት። ገንዘብ ያዡ «መምህር፣ ቆርቆሮው ተመትቶ አልቋል እኮ፣ አሁን ምን እናድርግ?» አሉ። ሱቁ ሄደን ቫቱን ጨምረን ደረሰኙን እናስቆርጥ አልኩ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ «ከየት መጥቶ?» አለ። ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ይዘናል። እስከዚያው ያን የደብተር ወረቀት እየፈለግሁት ነው።