ምክር ቤት ሄዶ ስለ ቅሚያና ስለ አገልግሎት ቅነሳ መናገር ለውጥ አለው ወይ ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰፈራችሁ ምክር ቤት በጀት ጎደለ ብሎ የወጣት ማዕከሉንና የላይብረሪውን የማታ ሰዓት ሊቀንስ ነው፣ በዛው ስብሰባ ላይ ደሞ ስልክ ቅሚያና ቦርሳ ነጠቃ በዛ ተብሎ ከዛ የሚተርፈው ብር ለተጨማሪ ፓትሮል ይሰጥ የሚል ሀሳብ ቀርቧል፣ ሄጄ ብናገር ለውጥ አለው ወይስ ጊዜዬን ነው የማጠፋው ነው ያልከው። ለውጥ አለው። ግን መቼ ተናገርክ፣ ምን ብለህ ተናገርክ የሚለው ነው የሚወስነው፣ እኔ ይሄን ለመማር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል ስለዚ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የሄድኩት ተናድጄ ነው። ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ስልኳን ቀሟት፣ ገፍትረዋት ወድቃ ክንዷ ተጋግጦ ነበር፣ ከዛ በኋላ ለስንት ሳምንት ብቻዋን አልወጣም አለችኝ። ስብሰባ አለ ሲሉኝ ሄድኩ፣ ለአንድ ነዋሪ ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጡት፣ ሦስቱንም ደቂቃ እያለቀስኩ ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበልኝ፣ ሁለት ተመራጮች መጥተው አጽናኑኝ፣ ስልክ ቁጥሬንም ወሰዱ። ከዛ በኋላ ግን የደወለልኝ የለም። ቃለ ጉባኤው ሲወጣ ፈልጌ አየሁት፣ የኔ ንግግር አንድ መስመር ነው የሆነችው፣ አንዲት ነዋሪ ጸጥታን በተመለከተ ስጋታቸውን ገለጹ ይላል በቃ። በጣም ነው ያመመኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን እኔም እኮ ምን እንዲደረግ እንደምፈልግ አልነገርኳቸውም፣ አንድ ነገር አድርጉልን ነው ያልኩት፣ እንደዛ ስትላቸው ሁሉም ራሱን ይነቀንቅልሃል ግን ጠዋት ቢሮ ሲገባ ማን ምን እንደሚሠራ አያውቅም።

ሁለተኛው ያልገባኝ ነገር ጊዜው ነበር። እኔ በጀት የሚወሰነው ስብሰባው ላይ እጅ ሲያወጡ ይመስለኝ ነበር። እጅ የሚያወጡት ኮሚቴ ውስጥ ለስንት ሳምንት ሲፈጭ ከርሞ ባለቀ ሰነድ ላይ ነው፣ አባላቱም ያኔ ከየቡድናቸው ጋር ተስማምተው ጨርሰዋል፣ በዛ ሰዓት አንተ ተነስተህ ብታስለቅሳቸውም አንድ መስመር ለመቀየር ሌላ መስመር ማጉደል ስላለባቸው አይነኩትም። ስለዚ ዋናውን ስብሰባ አትጠብቅ። ረቂቁ በየትኛው ኮሚቴ ነው ያለው ብለህ የምክር ቤቱን ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ የኮሚቴው አባላት እነማን እንደሆኑ እወቅ፣ ለሰፈርህ ተመራጭ ከስብሰባው በፊት ባጭሩ ጻፍለት፣ ከተቻለ በአካል አግኘው። እኔ አንድ አባል ቢሮው ሄጄ ሃያ ደቂቃ ያወራሁት ሦስት ስብሰባ ላይ ከተናገርኩት በላይ ሠርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ላይብረሪ ወይስ ፖሊስ ተብሎ ሲቀርብልህ እንደዛ አድርገህ አትቀበለው። እኛም ጋ እንደዛ ነበር የቀረበው፣ አንድ አባል ተነስተው ሕዝቡ የሚፈልገው ፖሊስ መንገድ ላይ ማየት ነው አሉ፣ እውነታቸውን ነው እኔም ፖሊስ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ልጄ የተቀማች ሰሞን አንድ ፖሊስ ጥግ ላይ ቆሞ ካየሁ ልቤ ያርፍ ነበር። ግን ዝም ብሎ መኪና ጨምሮ ሰፈሩን ማዞር ቅሚያ ይቀንሳል ወይ የሚለው የተፈተነ ነገር ነው። አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በ1972 እና በ1973 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደዛው ናቸው)፣ ፖሊስ ራሱ 15 የፓትሮል ቀጠናዎችን ሦስት ቦታ ከፈላቸው፣ አምስቱ ላይ መደበኛ ፓትሮል ጨርሶ አስቀሩ፣ ሰው ሲደውል ብቻ ነው የሚሄዱት፣ አምስቱ ላይ እንደነበረው ተዉት፣ አምስቱ ላይ ሁለትና ሦስት እጥፍ አደረጉት። ዓመት ሞልቶ ሲታይ ወንጀሉም የሕዝቡ ፍርሀትም ላይ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፣ አብዛኛው ሰው ፓትሮሉ መጨመሩንም መቀነሱንም እንኳን ልብ አላለም። እኔ ይሄን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም።

ይሄ ማለት ግን ፖሊስ አያስፈልግም ማለት አይደለም፣ እንደዛ ብለህ እንዳትናገር ምክንያቱም ልክም አይደለም አዳራሹንም ታጣዋለህ። እዛው አሜሪካ ሚኒያፖሊስ የምትባለው ከተማ ላይ በ1989 የወጣ ጥናት አለ፣ ለፖሊስ ከሚደወለው ጥሪ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከከተማው አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነበር። 3 በመቶ! ሰፈሩ በሙሉ ሌባ ሆነ እንላለን እንጂ ነገሩ ጥቂት ጥግ ላይ ነው የሚደጋገመው። እዛችው ከተማ ላይ በኋላ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ፖሊስ እንደዚህ አይነት ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆም ብሎ ቢሄድ ከሄደም በኋላ ቦታው ለተወሰነ ጊዜ ረጋ ብሎ እንደሚቆይ አሳይቷል፣ ከዛ በላይ መቆሙ ግን ብዙም የሚጨምረው ነገር አልነበረም። ስለዚ ጥያቄህ ስንት ፖሊስ ትጨምራላችሁ ሳይሆን ያሉት የት፣ በስንት ሰዓት ይቆማሉ ነው መሆን ያለበት። ይሄኛው ደሞ ላይብረሪ አያዘጋም።

እኛ ይሄን ካወቅን በኋላ ነው ደብተር የጀመርነው። አምስት ጎረቤታሞች ነበርን፣ አራት ወር ሙሉ ቅሚያ የደረሰበትን ሰው ሁሉ እየጠየቅን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ትክክለኛ ቦታውን፣ መብራት ነበረ ወይ፣ ቀማኛው በየት በኩል ሮጠ፣ ለፖሊስ ተመዘገበ ወይ እያልን ጻፍን። የተጠርጣሪ መልክና ብሔር ምናምን እንዳትጽፉ ብዬ አጥብቄ ነው የምነግርህ፣ ያን ቀን ደብተሩ የሀሜት ደብተር ይሆናል፣ የሰው ልጅ ስም ይጠፋል። ውጤቱን ስናየው እኛው ራሳችን ደነገጥን፣ አብዛኛው ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋና ከላይብረሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ ሰዓቱም ከጨለመ በኋላ ባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ነው። ሁለቱም ቦታ መብራት አልነበረም። መተላለፊያዋ ደሞ ላይብረሪው ማታ ክፍት በነበረ ጊዜ ሰው የሚመላለስባት ነበረች፣ የማታውን ሰዓት ሲያሳጥሩት ነው ባዶ የሆነችው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አይወጣም። ስብሰባው ላይ አንድ አባት ተነስተው የሰፈራችን ወጣት ማዕከል ደረጃ ላይ ማታ ማታ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው ሌቦቹ፣ ይበተኑልን አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ከልጆቹ አንዱ መጥቶ ነበር፣ አስራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እየፈራ ተነሳና እዛ የምንቀመጠው መብራቱ የሚሠራው እዛ ብቻ ስለሆነ ነው አለ። ሌላ አልጨመረም ቁጭ አለ። እኔ ደብተሩን ገለጥኩት፣ በአራት ወር ውስጥ እነዛ ደረጃዎች ጋ የተመዘገበ አንድም ቅሚያ የለም። አንድም። እነዛን ልጆች ብንበትናቸው ኖሮ በሰፈሩ የቀረችውን አንዲት ሰው ያለባት ጥግ ነበር ባዶ የምናደርገው። አባትየው በኋላ ሄደው ልጁን ጨብጠውታል፣ ለዛ አከብራቸዋለሁ።

ሌላ የገጠመን የፖሊስ ቁጥር ነው። ተወካያቸው በእኛ መዝገብ እዛ አካባቢ ብዙ ሪፖርት የለም አሉን፣ ልክ ነበሩ፣ ደብተራችን ላይ ካሉት አብዛኞቹ አላመለከቱም፣ ስልኩ እንደሆነ አይመለስ ምን ልሥራ ብለው። አየህ ካላስመዘገብን ሰፈሩ በወረቀት ሰላም ነው፣ በወረቀት ሰላም ለሆነ ሰፈር ማንም በጀት አይመድብም። ከዛ በኋላ ሰዉን ቤት ለቤት ነው ያሳመንነው፣ ስልካችሁ ላይ ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል ደውሉና የሚመጣውን 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ቤት ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ከተቀማችሁ እሱን ይዛችሁ አስመዝግቡ እያልን። አንተም ይሄን ከዛሬ ጀምር ምንም አያስወጣም።

መብራቱን ለማስጠገን ደሞ የለፋነው ልፋት! አንዱ ቢሮ ፖሉ የኔ አይደለም ይላል፣ ሌላው አምፖሉ አይመለከተኝም ይላል። መፍትሄ የሆነችው ትንሽ ነገር ናት፣ እኛ ጋ ፖሎቹ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስተን በቁጥር አመለከትን፣ ስብሰባው ላይም እነዚህ ስድስት ፖሎች የማን ናቸው፣ እስከመቼ ይሠራሉ ብለን ጠየቅን፣ መልሱ በቃለ ጉባኤ ይግባልን አልን። መብራት ቀላል ነገር ነው ለሚልህ ኒውዮርክ ውስጥ በ2016 የተሠራውን ንገረው፣ የመንግሥት መኖሪያ ሕንጻዎች በሚገኙባቸው ግቢዎች በእጣ እየመረጡ ኃይለኛ መብራት አስገቡላቸውና ማታ ከቤት ውጪ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል ከሲሶ በላይ ነው የቀነሰው።

ካሜራ ይነሳብሃል፣ የግድ ነው። ካሜራ ተመራጮች ይወዱታል፣ አንዴ ይገዛል፣ ይመረቃል፣ ይታያል። ለ40 ዓመት የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2019 የወጣ ግምገማ በአጠቃላይ ወንጀልን 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይላል፣ በደንብ የሚሠራው ግን መኪና ማቆሚያ አካባቢ ነው፣ ጉልበት ያለበት ወንጀል ላይ የጎላ ለውጥ አልታየበትም። እኛ ጋ ተተክሏል። ማነው ቁጭ ብሎ የሚያየው ብዬ ስጠይቅ የሚመልስ ሰው ጠፋ። ስለዚ ካሜራ ካመጡልህ አትቃወም፣ ተመልካቹና ጥገናው በየትኛው በጀት ውስጥ እንዳለ ጠይቅ።

ስለ ወጣት ማዕከሉ የምትናገር ከሆነ ደሞ ልጆቻችን ያሳዝናሉ ብለህ ብቻ አትለፍ፣ ያሳዝናሉ ግን በጀት ክፍሉ ለሀዘን መስመር የለውም። ቺካጎ ውስጥ በ2012 ወንጀል በበዛባቸው ሰፈሮች ካሉ 13 ትምህርት ቤቶች የመጡ 1,634 ወጣቶች ለክረምት ሥራ ተመዝግበው፣ ከፊሎቹ በእጣ ተመርጠው ለስምንት ሳምንት ሥራ ተሰጣቸው፣ በቀጣዮቹ 16 ወራት ከጉልበት ወንጀል ጋር በተያያዘ የመያዛቸው ቁጥር እጣው ካልደረሳቸው 43 በመቶ ያነሰ ሆነ። የሚገርመው አብዛኛው ለውጥ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፣ ማለት ልጆቹ ሥራ ስለያዙ ጊዜ አጡ ብቻ አይደለም። እኔ ይሄን ባልኩ ጊዜ የፋይናንስ ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶ አነሳ። ከዛ ማዕከሉን ማታ መዝጋት በትክክል ስንት ያድናል ብዬ ጠየቅኩ፣ ምክንያቱም ሕንጻው ተዘግቶም ጥበቃ ይከፈልበታል፣ መድን ይከፈልበታል፣ እድሳት ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ሲቀናነስ የሚተርፈው እነሱ ካሉት በጣም ያነሰ ነበር። ይቺን ጥያቄ እንዳትረሳት።

ምን ተገኘ ካልከኝ፣ ስድስቱም ፖል በራ፣ ከወራት በኋላ ነው ግን በራ። ፖሊስ በደብተሩ መሰረት ሁለቱ ቦታ ላይ ማታ ማታ ቆም ማለት ጀመረ። ላይብረሪው በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ይከፈታል፣ እኛ አምስት ነበር የጠየቅነው። የወጣት ማዕከሉን ግን አላዳንነውም። ያኔ በጀቱ ኮሚቴ ውስጥ አልቆ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ቀድመን ሄደን ቢሆን ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ያ ልጅ አሁንም ሲያየኝ ሰላም ይለኛል እኔ ግን አፍራለሁ። ለዛ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩልህ፣ አንተ ገና አንድ ወር አለህ።

ሌላው፣ ምክር ቤቱ የማይችለውን አትጠይቀው። ብዙ ቦታ ፖሊስ የሚታዘዘው ከሌላ ነው፣ ፍርድ ቤትም በነሱ እጅ አይደለም፣ ሌቦቹ ለምን ይፈታሉ ብለህ ሦስት ደቂቃህን ከጨረስክ አይመለከተንም ብለው ያሰናብቱሃል፣ ልክም ናቸው። በእጃቸው ያለው መብራት፣ መንገድ፣ ቁጥቋጦ ማስቆረጥ፣ የሕንጻ ሰዓት፣ በጀት ነው። እሱ ላይ ያዛቸው። ብቻህንም አትሂድ፣ እዛ አካባቢ ማታ የሚያልፉ ሴቶችን፣ አረጋውያንን፣ በተለይ ልጆቹን ራሳቸውን ይዘህ ሂድ፣ ሦስት ደቂቃውን ተከፋፈሉት፣ አንዱ ስለ ቦታው ይናገር፣ አንዱ ስለ ሰዓቱ፣ አንዱ ጥያቄውን ያቅርብ።

የኮሚቴው ረቂቅ በእጅህ ሲገባ የማታ ሰዓቱ ቅነሳ በየትኛው መስመር ላይ እንደተቀመጠ አይተህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ጥበቃውና መድኑ ተቆጥሮ እንደሆነ አብረን እናየዋለን፣ እኔ ማታ ማታ እገባለሁ።