ወረቀቱ ሲዘጋ ሴላይት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ፈሳሽ ለማጣራት ስለሚረዳው ነጭ ዱቄት፣ ስለ ሴላይት፣ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የማጣሪያ ወረቀት እያለ ይሄ ነጭ ዱቄት ለምን?

መልስ፦ የተልባ ውሃ በወረቀት አጥልለህ ታውቃለህ? መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ቀጥ። ልሐጩ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሴላይት ዳያቶም የሚባሉ ደቃቅ የውሃ ዋቅላሚዎች ቅሪት ነው። ቅርፊታቸው ሲሊካ ሆኖ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ዝቃጩ እዚያ ተይዞ ይቀራል፣ ፈሳሹ ግን መንገድ ያገኛል። እኛም አገር ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ክምችቱ አለ።

ጥያቄ፦ ደረቁን ወረቀቱ ላይ ብነሰንሰውስ?

መልስ፦ ተይው እህቴ። ደረቁ እኩል አይተኛም፣ ፈሳሹ በሳሳው በኩል ሾልኮ ያልፋል። የምትሠሪው በኤታኖል ከሆነ በኤታኖል እንደ ቀጭን አጥሚት በጥብጪው። ወረቀቱን አርጥበሽ አፍስሺበት፣ ከሥር አየሩን ቀስ ብለሽ ሳቢው። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ላዩ ላይ ሌላ ወረቀት ጣል አድርጊበት፣ ስትጨምሪ እንዳይቦረቦር። እስክትጨርሺ አይድረቅ፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የወረደው ደፍረስ ካለ መልሰሽ አሳልፊው። በመጨረሻ በትንሽ በትንሹ ኤታኖል 2 ወይም 3 ጊዜ እጠቢው፣ አለበለዚያ የለፋሽበት እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ የምፈልገው ጠጣሩን ቢሆንስ?

መልስ፦ ያኔ ሴላይት አታስገባ። ከዱቄቱ መለየት ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ የአየር መሳቢያ ፓምፕ የለንም፣ አየሩን የምንስበው በቧንቧ ውሃ ፍሰት ነው።

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን በቧንቧውና በማጣሪያው ፍላስክ መሃል ባዶ ፍላስክ አስገቡ። አንዲት ተማሪዬ ለቀናት ዘፍዝፋ ያወጣችውን የዳማከሴ ጭማቂ ስታጣራ ውሃ ሄደ። የቧንቧው ውሃ ወደ ኋላ ተስቦ ፍላስኩን ሞላው። ልጅቷ አለቀሰች፣ እኔም አዘንኩ። ደግሞ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ23 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ፈሳሹን የሚገፋው ኃይልም ያንሳል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ፈነል ያዙ እንጂ በግድ አትሳቡ።

ጥያቄ፦ ፓላዲየም ካርቦን (ካርቦን ላይ ያለ ፓላዲየም፣ የኬሚካል ለውጥ ማፋጠኛ) አጣርቼበት ልጣለው?

መልስ፦ እንዳታደርገው! ሲደርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እንደረጠበ ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ ክተተው።

ጥያቄ፦ ብናኙ ይጎዳል?

መልስ፦ አዎ፣ በተለይ በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለው ዓይነት። ክሪስቶባላይት የሚባል የሲሊካ ክሪስታል አለው፣ ሳንባ ይጎዳል። ማስክ አድርጉ፣ የጭስ መሳቢያው ሥር መዝኑ። ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ በመጥረጊያ አታቡንኑት።