ከማሳ ሥር ስላለው ቪላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ሮማ ዘመን ሳስተምር በገጠር የተሠሩ ቪላዎች ዛሬም ከእርሻ ማሳ ሥር እንደሚገኙ ነገርኳቸው። ተማሪዎቼም ይህ ቪላ እኛ በከተማችን ቪላ ከምንለው ባለ ግቢ ቤት ጋር አንድ እንደሆነ፣ ያን ያህል ግንብም እንዴት አፈር ውስጥ ሊሰወርና ተመልሶም ሊገኝ እንደቻለ ጠየቁኝ። መልሳችሁን በክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ይለያል። በላቲን «ቪላ» የሚባለው ከከተማ ውጭ ያለ የእርሻ ይዞታ ከነቤቱ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን ስለ ግብርና በሰፊው የጻፈው ኮሉሜላ ቪላን በሦስት ይከፍለዋል፤ ባለቤቱ የሚያርፍበት፣ ባሪያዎችና ከብቶች የሚያድሩበት፣ እንዲሁም ዘይት፣ ወይን ጠጅና እህል የሚከማችበት። ስለዚህ ተማሪዎችዎ የባለጸጋውን ሳሎን ብቻ ሳይሆን በረቱን፣ ጎተራውንና የወይን መጭመቂያውን ጭምር በዓይነ ኅሊናቸው እንዲያዩ ያድርጉ።

ቤቱ ሰው ሲያጣ ጣሪያው ይወድቃል፤ የተጠረበውን ድንጋይ የአካባቢው ሰው ለራሱ ግንባታ ያነሣዋል፤ ጎርፍም ከዳገቱ አፈር ያወርድበታል። በሲሲሊ ፒያሳ አርሜሪና አጠገብ ያለውን፣ ወደ 3,500 ካሬ ሜትር የሚጠጋ የሞዛይክ (በትናንሽ ባለቀለም ድንጋዮች ሥዕል ተሠርቶ የተነጠፈ) ወለል ያለውን ቪላ የቀበረው የመሬት መንሸራተት ነው። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የምድር ትል ድርሻ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1877 በእንግሊዝ አገር፣ አቢንጀር በምትባል መንደር የተቆፈረ የሮማ ዘመን ቤት ፍርስራሽ ሄዶ አይቶ፣ ትሎች በወለሉ ስንጥቅ እየወጡ አፈር በላዩ እንደሚከምሩ አረጋግጧል። ትሎቹ ከሥር ያለውን አፈር ወደ ላይ ሲያወጡ ፍርስራሹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰጥማል።

እንዴት እንደሚገኝ ግን የአዳማ ዙሪያ ገበሬ ሳይነገረው ግማሹን ያውቀዋል፤ ዝናብ ባጠረ ጊዜ ጭንጫ ላይ የተዘራ ሰብል ቀድሞ ይጠወልጋልና። ከሥሩ ግንብ ባለበት መስመር ሰብሉ ሲደርቅ፣ ጥንት ቦይ በነበረበት ደግሞ እርጥበት ስለሚቆይ ይለመልማል፤ መሬት ላይ ቆሞ ለሚያየው የተዘበራረቀ የሚመስለው ይህ ልዩነት ከአውሮፕላን ሲታይ የቤቱን ፕላን ከነክፍሎቹ ይሥላል። በሰሜን ፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪው ሮዤ አጋሽ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማሳው ባዶ በሚሆንበት በብርድ ወራት ጭምር እየበረረ፣ ማረሻ ከመሠረቱ ያወጣውን ነጭ የኖራ ድንጋይ ተከትሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቪላዎችን አግኝቷል።

ቁፋሮው ላይ ስንደርስ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን የተፈጸመውን ጥፋት ሳላነሣ አላልፍም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ቆፋሪዎች ሞዛይኩን ለማየት ስለሚቸኩሉ አፈሩን ሳይመረምሩ አውጥተው ይጥሉት ነበር፤ በዚህም የባሪያዎቹን ማደሪያ፣ የወደቀውን እህልና የምድጃውን አመድ የሚመለከት ማስረጃ ለዘለዓለም ጠፍቷል። ዛሬ አንድ እፍኝ ከሰል ምን ያህል እንደሚናገር ለማሳየት በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የቼድወርዝ ቪላ ልጥቀስልዎ። ቪላው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በተደረገው ጥናት መሠረት፣ ከአንድ ሞዛይክ ጋር በተያያዘ ግንብ መሠረት ውስጥ የተገኘ ከሰልና አጥንት በሬድዮካርቦን (በውስጡ በቀረው የካርቦን መጠን ዕድሜን በሚለካ ዘዴ) ሲመረመር ግንቡ ከ424 በኋላ እንደቆመ፣ ሞዛይኩም ከዚያ ወዲህ እንደተነጠፈ ታወቀ። የሮማ አገዛዝ ከብሪታንያ የወጣው ግን በ410 ገደማ ነው። የቪላ ኑሮ ከአገዛዙ ጋር አብሮ ወዲያው እንዳከተመ ይታሰብ ነበርና፣ መንግሥቱ ከሄደ በኋላም በዚያ ገጠር ለሞዛይክ ባለሙያ የሚከፍል ባለቤት እንደነበረ የመሰከረው ይኸው ከሰል ነው።