«ዕድር» ብለው ጽፈው «እድር» ብለው ሲፈልጉ

አንድ አንባቢ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። የቀድሞው ጸሐፊ የአባላቱን ሒሳብ በኤክሴል ሠርተው በቴሌግራም ላኩልኝ። ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ የሦስት ወር መዋጮ መዘገብኩበትና ሴቭ አደረግኩ። አሁን ፋይሉ የለም። እድር ብዬ ብፈልግ ምንም አልተገኘም ይለኛል። እሑድ ስብሰባ አለን፣ ምን ይሻለኛል?»

ጋሼ፣ አይደንግጡ። ጠፋ ተብሎ ሱቄ ከሚመጣው ፋይል አብዛኛውን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የማገኘው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሰው መክሮዎት «ሪከቨሪ» የሚባል፣ የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም እንዳይጭኑ። ፋይሉ በእርግጥ ተሰርዞ ከሆነ፣ አዲስ የሚጫነው ነገር ቦታውን ሊወስድበት ይችላል፣ ያኔ እውነትም ይጠፋል።

መጀመሪያ ቀላሉን። ኤክሴልን ይክፈቱ፣ «ፋይል» ከዚያ «ኦፕን» ይበሉ፣ «ሪሰንት» የሚለው ስር በቅርብ የከፈቷቸው ሁሉ ተደርድረዋል። ከስማቸው በታች በቀጭኑ የተጻፈው አድራሻቸው ነው። እዚያ ካገኙት ጨርሰናል።

ካላገኙት ወደ ቴሌግራም እንሂድ። ከቴሌግራም ላይ በቀጥታ የከፈቱት ፋይል ዴስክቶፕ ላይ አይቀመጥም፣ «ዶክመንትስ» ውስጥም አይገባም። «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር አለ፣ ሴቭ ያደረጉት ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። ስንት ሰው ይሄን ፎልደር ሳያውቅ ዓመት ሙሉ ሲሠራበት አይቻለሁ!

አሁን ወደ ፍለጋው። ለእኔ ሲጽፉ «የዕድራችን» ብለው በዓይኑ ዐ ጀመሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የፈለጉት ግን በአልፋው «እድር» ብለው ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተር ግን ዕ እና እ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ አንዱን ሲጠሩት ሌላው አቤት አይልም። «ሒሳብ» እና «ሂሳብም» እንደዚያው። የቀድሞው ጸሐፊ ደግሞ በየትኛው እንደጻፉት እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። በዚያ ላይ የዊንዶውስ ሰርች ብዙውን ጊዜ ቃሉን ከመነሻው ነው የሚያመሳስለው። የፋይሉ ስም «የዕድር» ብሎ ከጀመረ፣ ፊደሉን አስተካክለው «ዕድር» ብለው ቢፈልጉ እንኳ ያቺ «የ» ከፊት ተገትራ ልትከለክልዎት ትችላለች። ሰርቹ ሲሠራ አማርኛን ያሰበው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ሱቅ ውስጥ የምጠቀመው ኤቭሪቲንግ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፣ የቮይድቱልስ ሥራ ነው፣ 2 ሜጋባይት ገደማ ነው። ጫን አልኩ እንዴ? አዎ፣ ቅድም አይጫን ብዬ ነበር። ይቺ ትንሽ ናት፤ ግን ልብዎ ከፈራ ፍላሽ ላይ ሆና ሳትጫን የምትሠራውን ዓይነት ያውርዱ፣ ያውም በሌላ ኮምፒውተር። ፈጣን የሆነችበት ምክንያት ቀላል ነው። ዲስኩ ራሱ የፋይሎቹን ሁሉ ስም የያዘ መዝገብ አለው። ኤቭሪቲንግ በየፎልደሩ እየዞረች አትፈልግም፣ መዝገቡን ነው የምታነበው። እርስዎም አባል ሲፈልጉ ቤት ለቤት አይዞሩም፣ መዝገቡን ነው የሚገልጡት።

ሲፈልጉ ሙሉ ቃል አይጻፉ። መንትያ የሌላቸውን ፊደላት ብቻ ይጻፉ፦ «ድር»፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ «ብ»። «ሳ» እንኳ «ሣ» የሚባል መንትያ ስላላት ትቅር። ዕድርም ይሁን እድር፣ ሒሳብም ይሁን ሂሣብ፣ ፊቱ ላይ «የ» ኖረም አልኖረ፣ ሁለቱ ቁራጮች ያሉበት ስም ሁሉ ይወጣል።

ስሙ ጭራሽ በአማርኛ ካልሆነስ? ምናልባት በእንግሊዝኛ «ቡክ አንድ» ብቻ ተብሎ ቀርቶ ይሆናል፣ ኤክሴል ስም ካልሰጡት እንደዚያ ነው የሚለው። ያኔ ስሙን ይተዉት። ነጥብ፣ ኤክስ፣ ኤል፣ ኤስ ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ አዲሱም አሮጌውም የኤክሴል ፋይል ይመጣል። ከላይ «ዴት ሞዲፋይድ» የሚለውን አዲሱ ከላይ እስኪሆን ድረስ ይጫኑት። ለመጨረሻ ጊዜ መዋጮ የመዘገቡበትን ቀን ያስታውሳሉ አይደል? እዚያ ቀን አካባቢ ያሉትን ብቻ ይዩ። እውነቱን ለመናገር እኔ በስም ከማገኘው በቀን የማገኘው ይበዛል፣ ሰው የሰየመውን ስም ይረሳል፣ የሠራበትን ቀን ግን ከሆነ ነገር ጋር አያይዞ ያስታውሳል። ሲያገኙት በቀኝ ተጭነው «ኦፕን ፓዝ» ይበሉ፣ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ይከፍትልዎታል።

በፋይሉ ውስጥ ባለ ጽሑፍ መፈለግ ከፈለጉ የዊንዶውሱ ሰርች ይሻላል፣ ኤቭሪቲንግ በስም ላይ ናት ጎበዟ። ግን የአባል ስም አይጻፉበት። የቀድሞው ጸሐፊ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ጽፈው ከሆነ፣ ለዓይን አማርኛ የሚመስለው ለኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ስለዚህ የአንድ አባል ስልክ ቁጥር ይጻፉ። ከፊት ዜሮዋ ጋርም ያለ ዜሮዋም ይሞክሩት፣ ኤክሴል ያቺን ዜሮ መዋጥ ልማዱ ነው።

ፍላሽ ላይ አስቀምጠውት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ቫይረስ ፋይሎቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን አይንኩት፣ «ቪው» ውስጥ ገብተው የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ያብሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም ያንኑ ፋይል ደግሞ ሲያወርድ ስሙ መጨረሻ ላይ በቅንፍ 2 ይጨምርበታል። ሁለት ተመሳሳይ ፋይል ቢያገኙ አንዱን ለማጥፋት አይቸኩሉ፣ ሁለቱንም ከፍተው የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ይዩ፤ መዋጮው የተሞላበት የእርስዎ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ የኤቭሪቲንግን ስክሪን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።